የአየር አቅርቦት ኮሚቴ

አየር በነፃ ነው ይባላል። ውሃ በወረፋ፣ መብራት በፈረቃ፣ ኔትወርክ በዕድል ነው፤ አየር ግን የትም አለ፣ አፍንጫ ያለው ሁሉ ድርሻውን ይስባል፣ ማመልከቻ የሚጽፍበት የለም። እኔም እስከ አምና ድረስ እንዲህ ነበር የማስበው። አየር ምን ያህል ብርቅ ዕቃ እንደሆነ የገባኝ የአየር አቅርቦት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ የተመረጥኩ ዕለት ነው። አትሳቁ። ማህተም ባይኖረንም ቃለ ጉባኤ ነበረን።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ሥራ ወላይታ ሶዶ አምጥቶኝ፣ ለሁለት ዓመት ያልኩት አሥራ አንድ ሆኖብኝ፣ በአንድ የዞን መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ሆኜ አለሁ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ነገ ቢሮ እገባለሁና። ከእኛ ጋር ሲሠራ የቆየ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ለስፖርት ክበባችን ጠመንጃ ሰጥቶ ሄደ። ጠመንጃ ስላችሁ አትደንግጡ፤ ባሩድ የማያውቅ የአየር ጠመንጃ ነው። ከአፈሙዙ ሥር የተጋደመ ቀጭን ሲሊንደር አለው፤ እሱ ውስጥ አየር ታምቆ ይሞላል፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየለቀቀ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የእርሳስ ጥይት አሥር ሜትር ርቀት ላይ ወደተሰቀለ ወረቀት ይወረውራል። ፈቃዱና ምዝገባው ስንት ወር እንደፈጀ አላነሳውም። ሰውየው አንድ ሙሌት አየርና ግማሽ ጣሳ ጥይት ትቶልን ነበር።

የሙከራው ቀን በግቢያችን ሁላችንም ተኮስን። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አጥሩን መታ። እኔ የመታሁትን እስካሁን አላገኘነውም። በመጨረሻ የመዝገብ ቤቷ ታደለች ተጠራች። ታደለች የገሱባ ልጅ ናት፤ ድምጿ የማይሰማ፣ የጠፋ ፋይል ግን ከመሬት ቆፍራም ቢሆን የምታወጣ ሴት። ጫማዋን አወለቀች፣ ጉንጯን ሲሊንደሩ አጠገብ ሰደፉ ላይ አሳረፈች፣ ትንፋሿን ያዘች። አምስት ተኩሳ አምስቱም ጥቁሩ ክብ ውስጥ ገቡ። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር። በወሩ ሐዋሳ ላይ ውድድር ስለነበረ ስሟ ወዲያው ተላከ፤ እሷም መጥታ፣ “ጋሼ፣ እኔ እኮ በሕይወቴ በምንም አንደኛ ሆኜ አላውቅም፣ ስወለድ እንኳ አራተኛ ነኝ” አለችኝ። ነገሩን እንደ ቀልድ ብታወራውም ዓይኗ አልቀለደም። ችግሩ በዚያው ቀን አየሩም ጥይቱም አልቆ መለማመጃ አለመኖሩ ነበር።

ጤነኛ ሰው ቢሆን ታደለችን ይጠይቅ ነበር። እኛ ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ብለን ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋምን። የጠመንጃው መመሪያ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እኔም ስብሰባ ላይ አልፎ አልፎ እንግሊዝኛ ጣል ስለማደርግ፣ ሰብሳቢነቱ ለእኔ ሆነ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? መመሪያውን ገለጥኩት። ባር ይላል፣ ፒ ኤስ አይ ይላል፣ ግሬን ይላል፤ አንዱ ገጽ ላይ አራት ነጥብ አራት ዘጠኝና አራት ነጥብ አምስት ዜሮ ሚሊሜትር ጎን ለጎን ቆመው ልዩነታችን የሞት የሽረት ነው ይላሉ። ጥይቱም ጠፍጣፋ ራስ፣ ድቡልቡል ራስና ሹል ራስ እያለ እንደ ጎሳ ይከፋፈላል። ራሴን አዞረኝ። መመሪያውን ከድኜ፣ “በዝርዝር ተመልክቼዋለሁ” ብዬ ፋይል ውስጥ አስገባሁት። ፋይሉ መዝገብ ቤት፣ ታደለች ዘንድ ሄደ። እሷ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበረች፤ ጸሐፊ ደግሞ ይጽፋል እንጂ ድምፅ አይሰጥም።

የመጀመሪያው አጀንዳ ጥይት ነበር። የስፖርት ባለሙያው አራት ነጥብ አምስት ሚሊሜትር ነው የሚታዘዘው አለ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ ወፍራም ጥይት እያለ ቀጭን የሚገዛ መሥሪያ ቤት አላየሁም፣ አምስት ነጥብ አምስት ይሁን አለ። ክርክሩ ከረረ፤ የድሮ ቂምም ተነሳበት። በዚህ ጊዜ በሽምግልና የተመሰገኑት አንድ አዛውንት ባልደረባችን ተነስተው፣ ወንድማማቾች በሚሊሜትር አይጣሉም፣ አንዱ ትንሽ ዝቅ፣ አንዱ ትንሽ ከፍ ይበልና አምስት ይሁን አሉ። እፎይ አልን። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ ሁለቱም ተቃቀፉ፣ እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጉድ የሚባለው ደግሞ አምስት ሚሊሜትር የሚባል ጥይት በዓለም ላይ መኖሩ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ ፈልጎ ላከልን። ጥይቷ ግን ከአፈሙዙ ደጃፍ ቆማ አልገባም አለች። ስምምነታችን ፍጹም ነበር፤ ብረቱ ብቻ አልተስማማም።

ከዚያ አየሩ ተነሳ። ሁለት መቶ ባር ያስፈልጋል። ባር ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አባል የለም፤ ሰባታችንም እንደ ጎረቤታችን ስም እየጠራነው ሰነበትን። ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልለን፣ ባጃጅ ይዘን፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ካለ ጎሚስታ ዘንድ ሄድን። ሰውየው የጠመንጃውን መለኪያ አየ፣ የራሱን ኮምፕሬሰር አየ፣ እኔን አየኝ። “ጋሼ፣ የኔ አሥር ባር ነው የሚሰጠው” አለኝ። “ሁለት መቶ ልሙላ ካልኩኝ እኔንም እሱንም ዳሞታ ተራራ አናት ላይ ነው የሚያገኙን።” ቀጥሎ አንዱ አባል፣ ጠላቂዎች ባሕር ውስጥ ተሸክመውት የሚገቡትን የአየር ጋን እናፈላልግ አለ። ሶዶ ላይ የባሕር ጠላቂ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የእጅ ፓምፕ እንዳለም ተሰማ፤ ተገዝቶ እስኪደርስ ግን ውድድሩ ያልፋል።

ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው የመፍትሔው ሐሳብ የመጣው። ኦክስጅን። ብየዳ ቤት በትልልቅ ሲሊንደር ታምቆ ይገኛል፤ ኦክስጅን ማለት ደግሞ አየር ነው፣ እንዲያውም የአየር ምርጡ ነው ተባለ። አንድ በያጅ መገጣጠሚያ አበጅላችኋለሁ ብሏል። ቅዳሜ ተሞልቶ ቅዳሜውኑ ታደለች ትለማመዳለች። ድምፅ ስጡ አልኩ፤ ሰባት እጅ ወጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ እየተሳሳቅን ነበር።

ታደለች ብዕሯን ከወረቀቱ አነሳች። ስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም ነበርና ሁላችንም ዞርን።

“ጋሼ፣ ጉንጬን እንደ በፊቱ ነው ሲሊንደሩ አጠገብ የማስደግፈው?”

መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። “እንደ በፊቱ ነው፣ ችግር የለውም” ልል ነበር፤ እንዲህ ያለውን መልስ አሥራ አንድ ዓመት ስሰጥ ኖሬአለሁ፣ በዕቅድ ሥራ ሰው አይሞትም። ግን ጉንጯን አየሁት። ከብዕሩ የነካት ትንሽ የቀለም ጠብታ ነበረባት።

“አላውቅም” አልኩ። “ባርም ምን እንደሆነ አላውቅም። መመሪያውን አላነበብኩትም።”

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይሄ ቃለ ጉባኤ ላይ አይግባ አለ። ትንሽ ቆይቶ እሱም እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ ሽማግሌው፣ ከዚያ የስፖርት ባለሙያው፤ አንድ በአንድ፣ እንደ ንስሐ። አንዳንዶቹ ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ያየሁት ዕረፍት ያስቀና ነበር። ፋይሉ መጣ፣ በስልክ መዝገበ ቃላት እየታገዝን ሰባታችን ተደፍተን አነበብን። ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው። ጥይቱ አራት ነጥብ አምስት ነው፣ አፈሙዙ ላይ ተቀርጿል። ሁለት ገጽ አልፎ የሚፈነዳ ነገር ሥዕል አለ፤ ከሥሩ በደማቁ፣ ኦክስጅን በፍጹም እንዳይሞላ፣ ከብረቱ ቅባት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል ይላል። ማንም ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

ታደለች ሦስቱን ሳምንት በባዶ ጠመንጃ ተለማመደች። በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፋ፣ ተንበርክካም ቆማም ታነጣጥራለች፣ ምላጩን ትስባለች፣ ምንም አይወጣም። ሐዋሳ ላይ ሌላ ክለብ በእጅ ፓምፑ ሞላላት፣ ጥይትም አበደራት። ከአሥራ ሁለት ሰው አምስተኛ ወጣች። እኔ አጅቤያት ሄጄ ነበርና ከማንም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ዲምቱ ላይ ቆመ። ጥብስ በቆሎ ገዝተን መንገድ ዳር ቁጭ አልን፣ ፈቃድና ደብዳቤ የተያያዘበት ጠመንጃ በመሃላችን ተጋድሞ። በድንገት ትዝ ሲለኝ፣ ያ ፋይል ያን ሁሉ ጊዜ አንቺ ዘንድ ነበር፣ ከፍተሽ አይተሽው ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። በስልኳ እያስተረጎመች ከዳር እስከ ዳር እንዳነበበችው ነገረችኝ።

“የኦክስጅኑንም?”

“እሱንም።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?”

“ዝም አላልኩም፣ ጠየቅኩ እኮ” አለች፣ በቆሎዋን እየፈለፈለች። “ሰባታችሁም እጅ ስታወጡ ግን ተሳስቼ ያነበብኩ መሰለኝ። ጋሼ አላውቅም ባይሉኝ ቅዳሜ እተኩስ ነበር።”

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሹፌሩ ተሳፈሩ ብሎ ሲጠራ እሷ ጠመንጃውን አንግታ ተነሳች፤ እኔም የበቆሎዬን ቆረቆንዳ ጥዬ ተከተልኳት። ከዚያ ወዲህ ሰው በልበ ሙሉነት ሲናገር ስሰማ እፈራለሁ፤ በተለይ ተናጋሪው እኔ ስሆን።