ፂሙ ያልበቀለ ዓሣ

ገብረተንሳኤ፦ ፂም ያለው ዓሣ አይታመንም ብዬሃለሁ፤ አበቃ!

ኸድር፦ አያ ገብረ፣ አንተም እኮ ፂም አለህ።

ገብረተንሳኤ፦ እኔ ዓሣ ነኝ?

ኸድር፦ አይደለህም። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ፂሙ ነው።

[ቅዳሜ ረፋድ፣ ከመቀሌ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ግድብ ዳር። ገብረተንሳኤ ሓወልቲ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራል። ስለ ዓሣ የማያውቀው ነገር የለም፤ ዓሣውም ቢሆን ስለ ራሱ ይህን ያህል አያውቅም። ኸድር ጎረቤቱ ነው። ከወሎ መጥቶ ገበያ ውስጥ ልባሽ ጫማ ይሸጣል፤ እንዳ ኢየሱስ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ፣ ገብረተንሳኤ ከሚስቱ ከለተመድህን፣ ኸድር ከሚስቱ ከሁሪያ ጋር፣ በር ለበር ይኖራሉ። ኸድር ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። ይህን የሚለው ገብረተንሳኤ ነው።]

ገብረተንሳኤ፦ ስማኝ ሓወይ፣ ወንድሜ። አጥማጅ ዓሣን የሚያየው በደረጃ ነው። አንደኛ ቆሮሶ። ጨዋ ነው፣ ቅርፊት አለው፣ ክንፍ አለው፣ ሲጠበስ ያምርበታል። ሁለተኛ ነጭ ዓሣ፤ እሱ ግን ወደ ደቡብ ነው የሚኖረው፣ እኛ ጋ አይመጣም። ሦስተኛ ቢልጫ። አጥንቱ ይበዛል እንጂ ክፋት የለበትም። መጨረሻ፣ ከመጨረሻም በታች፣ አምባዛ! ፂም አለው፣ ቅርፊት የለው፣ ያሙለጨልጫል፣ ቀን ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ውሎ ማታ ይወጣል። ማታ ምን ሥራ አለው?

ኸድር፦ ዘበኛ ይሆናላ።

ገብረተንሳኤ፦ ኸድር!

ኸድር፦ እሺ፣ አይደለም።

ገብረተንሳኤ፦ ቅርፊት የሌለውን እኛ አንበላም። ለተመድህን የዛሬው ምሳ ትሪ ላይ ካየችው ከነትሪው ነው አውጥታ የምትወረውረው።

ኸድር፦ ትሪው እኮ የሁሪያ ነው።

ገብረተንሳኤ፦ የማንም ይሁን! አራት ዓመት አንድ ግቢ ኖርን። ሽሮውን አብረን በላን፣ ፓስታውን አብረን በላን። ሥጋ ሲሆን ግን እናንተ በዚያ በር፣ እኛ በዚህ በር። አንተ የኔን ዶሮ ከሽታው በቀር አታውቀውም።

ኸድር፦ ጥሩ ይሸታል ወላሂ።

ገብረተንሳኤ፦ ያንተም በግ ጥሩ ይሸታል። ታዲያ ሚስቶቻችን ተማክረው «በዓለ ኀምሳ ነው፣ ጾም የለም፤ ዓሣ ደግሞ የማንም አይደለም፤ ዛሬ ምሳ ከአንድ ትሪ» አሉ። መልካም ሐሳብ ነው።

ኸድር፦ ከገበያ ቢገዙት አይቀልም ነበር?

ገብረተንሳኤ፦ [የማጥመጃ ዘንጉን ወደ ደረቱ አስጠግቶ] ሊገዙ ነበር። «እኔ እያለሁ?» ያልኩት እኔ ነኝ።

ኸድር፦ ምን አስባለህ?

ገብረተንሳኤ፦ አፌ ነዋ! ለተመድህን ደግሞ ይህችን ስትጠብቅ ነበር። «ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ትወጣለህ፤ አንድ ዓሣ በዚህ በር ገብቶ አያውቅም። ዛሬም ባዶ እጅህን ከመጣህ ይህ ዘንግ የሳሎን መጋረጃ መስቀያ ይሆናል» አለችኝ። ለክታዋለች እኮ ኸድር! በሜትር!

ኸድር፦ ልኩ ነው?

ገብረተንሳኤ፦ ልክክ ነው ያለው።

ኸድር፦ ዓመቱን ሙሉ ምን እያልካት ከረምክ?

ገብረተንሳኤ፦ የሚመጣልኝ አምባዛ ብቻ ስለሆነ እየለቀቅሁት ነው እላታለኋ።

ኸድር፦ ስንት አምባዛ ለቀቅህ?

ገብረተንሳኤ፦ [ወደ ማዶ እያየ] ደግ የሚሠራ ሰው ይቆጥራል እንዴ?

[ገብረተንሳኤ መንጠቆውን ያዘጋጃል። ማጥመድ የተማረበት የስልክ ቪዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ በሦስት ጣት የሚያስረውን ቋጠሮ በአሥሩም ጣቱ ሞክሮ በጥርሱ ይጨርሰዋል።]

ኸድር፦ አያ ገብረ፣ አንድ ነገር አልገባኝም።

ገብረተንሳኤ፦ አንድ ብቻ?

ኸድር፦ ዓሣ የማንም አይደለም አልክ። አንተ ከያዝከው ግን ያንተ አይሆንም?

ገብረተንሳኤ፦ ዓሣ አይታረድም ኸድር። ቢላዋ ካላረፈበት የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ነገር የለም።

ኸድር፦ እሱስ ልክ ነው። ሲሞት ግን ዘንጉን የያዘ ሰው አለ። ሁሪያ «ማን ነበር የያዘው?» ብላ ብትጠይቀኝስ?

[ገብረተንሳኤ በሕይወቱ «አላውቅም» ብሎ አያውቅም፤ ዛሬ ደግሞ ለመጀመር አልተዘጋጀም።]

ገብረተንሳኤ፦ ይህማ ቀላል ነው። የታወቀ ነው። ሁለታችንም እንይዘዋለን።

ኸድር፦ አንዱን ዘንግ?

ገብረተንሳኤ፦ አንዱን ዘንግ። አንተ ከላይ፣ እኔ ከታች።

ኸድር፦ ትሉስ?

ገብረተንሳኤ፦ ትሉ ምን ሆነ?

ኸድር፦ ከእትዬ ለተመድህን የጎመን መደብ ነው የቆፈርኩት። ክርስቲያን ትል ነው ማለት ነው።

ገብረተንሳኤ፦ ትል ሃይማኖት የለውም!

ኸድር፦ ረቡዕና ዓርብ ጎመን ብቻ ነው የሚበላው።

ገብረተንሳኤ፦ [ያስባል] በሌላውም ቀን ጎመን ብቻ ነው የሚበላው።

ኸድር፦ እንግዲያው መነኩሴ ነው።

ገብረተንሳኤ፦ ዋይ ኣንታ! ቆይ፣ መንጠቆውን የገዛሁት ከአብዱልወዱድ ሱቅ ነው። ትሉ ከኛ፣ መንጠቆው ከእናንተ። ተቻቻለ!

ኸድር፦ ክሩስ?

ገብረተንሳኤ፦ የቻይና ነው።

ኸድር፦ ቻይና ከማን ወገን ነው?

ገብረተንሳኤ፦ ቻይና ገለልተኛ ነው። እይ፣ መሃል ላይ ነው ያለው።

[ሁለት ጎልማሶች አንድ ዘንግ ይዘው፣ ጀርባና ደረት ተጣብቀው፣ ግድቡ ዳር ይቆማሉ። በማዶ ፍየሎቿን ውሃ የምታጠጣ አንዲት ሴት ትቆምና ታያቸዋለች። ታማትባለች።]

ኸድር፦ ቢስሚ…

ገብረተንሳኤ፦ ተው! አፍህን ዝጋ! አንተ ቢስሚላህ ካልክ ያንተ ወገን ሆነ፤ እኔ በስመ አብ ካልኩ የኔ ወገን ሆነ። ዝም ብለን እንቁጠር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ኸድር፦ እኔ ድንጋይ ሳነሳም ቢስሚላህ እላለሁ። ሳልለው ወገቤን ያመኛል።

ገብረተንሳኤ፦ ዛሬ ይመምህ! ስለ ትሪው ስትል!

[ክሩ ይወጠራል።]

ገብረተንሳኤ፦ ያዘ! ያዘ! ሳብ! አይ፣ አትሳብ! ቪዲዮው ላይ መጀመሪያ ይለቁለታል! ሳብ!

[ከመዳፍ የሚበልጥ፣ ጠፍጣፋ፣ ጀርባው ላይ እሾህ የተደረደረበት ዓሣ ድንጋዩ ላይ ዱብ ይላል። ገብረተንሳኤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ዓሣው ያየዋል። እሱም ዓሣውን ያየዋል። ከሁለቱ የበለጠ የደነገጠው ዓሣው አይደለም።]

ኸድር፦ ማሻአላህ! ይሄ ቆሮሶ አይደለም?

ገብረተንሳኤ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ይሄ? ይሄማ አምባዛ ነው።

ኸድር፦ ፂም የለውም እኮ።

ገብረተንሳኤ፦ ልጅ ነዋ! አንተ ስትወለድ ፂም ነበረህ?

ኸድር፦ ቅርፊት ግን አለው።

ገብረተንሳኤ፦ የወተት ቅርፊት ነው። እንደ ወተት ጥርስ፣ ሲያድግ ይረግፋል።

ኸድር፦ እሾሁስ?

ገብረተንሳኤ፦ ንዴት ነው። ሲናደድ ይቆምበታል።

ኸድር፦ እንግዲያ ቆሮሶ ምን ይመስላል?

ገብረተንሳኤ፦ ቆሮሶ ወርቃማ ነው። ጎኑ ላይ ሰያፍ የሆኑ ሦስት ሰንጠቅ ሰንጠቅ ያሉ መስመሮች አሉት። ጅራቱ ደግሞ ኩርሽም ኩርሽም ይላል።

ኸድር፦ ውሃ ውስጥ?

ገብረተንሳኤ፦ ውሃ ውስጥ! ምን ትከራከረኛለህ? አይረባም፤ ጣለው። ራቅ አድርገህ ጣለው፣ ተመልሶ መንጠቆውን እንዳይዝብን። እኔ ጫማዬ ይረጥባል።

[ኸድር ዓሣውን ይዞ ከትልቁ ድንጋይ ወዲያ ይሄዳል። ጭልፕ የሚል ድምፅ ይሰማል። እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ይመለሳል። ዘንጉን እንደገና በጋራ ይይዛሉ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ይወጣል።]

ኸድር፦ ይሄኛው ተለቅ ይላል።

ገብረተንሳኤ፦ ታላቅ ወንድሙ ነው። ጣለው።

[ጭልፕ። ሦስተኛው።]

ኸድር፦ ይሄስ?

ገብረተንሳኤ፦ የአክስት ልጅ። ጣለው።

[ጭልፕ። አራተኛው ወጥቶ ይሄዳል፤ ገብረተንሳኤ ቀና ብሎም አላየው። አምስተኛው ግን ዘንጉን ግማሽ ክብ ያደርገዋል። ተጋግዘው ሲጎትቱ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ አፉ ዙሪያ ረጃጅም ፂም የተንዠረገገበት አውሬ የሚያህል አምባዛ ብቅ ይላል።]

ገብረተንሳኤ፦ [እየዘለለ] አየህ! አየህ! አባትየው መጣ! «ልጆቼን የት አደረሳችኋቸው?» ሊል ነው የመጣው! አልነገርኩህም? አልነገርኩህም?

ኸድር፦ ነግረኸኛል።

ገብረተንሳኤ፦ ከእንግዲህ ከኔ ጋር ስለ ዓሣ ትከራከራለህ?

ኸድር፦ በጭራሽ።

ገብረተንሳኤ፦ ጣለው!

[ከድንጋዩ ወዲያ በዚህ ጊዜ የሚሰማው ጭልፕ አይደለም፤ ቧ! የሚል ነው። የገብረተንሳኤ ስልክ ይጮኻል። ቆም ብሎ ሸሚዙን ያስተካክላል፤ ለተመድህን በስልክም ታያለች ብሎ ነው የሚያምነው።]

ገብረተንሳኤ፦ ሃለው፣ ለተይ… አዎ… እየያዝን ነው… ስድስት ሰዓት ሆነ እንዴ?… ዘይቱ ተጥዷል?… መጋረጃው? ተተኩሶ አለቀ?… ለተይ? ለተ… [ስልኩን ያያል] ዘጋችው።

[ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሊቀበር እንደተዘጋጀ ዘመድ ይዳብሰዋል።]

ኸድር፦ አያ ገብረ፣ አይዞህ።

ገብረተንሳኤ፦ ኸድር፣ ሓወይ። አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሰፈር ውስጥ ከተሰማ ግን አላውቅህም።

ኸድር፦ ወላሂ አልናገርም።

ገብረተንሳኤ፦ እኔ ዓሣ ይዤ አላውቅም። ዓመት ሙሉ! አምባዛም፣ ምንም። አንድ ቀን አሮጌ ካልሲ ይዣለሁ። ቆሮሶንም በሕይወት እያለ አይቼው አላውቅም። ያየሁት ሳህን ላይ ነው።

ኸድር፦ ተጠብሶ?

ገብረተንሳኤ፦ ተጠብሶ፤ ጎኑ ተሰንጥቆ። አጠገቡ ሎሚ ነበር። ሎሚው የሱ እንዳልሆነ ብቻ ነው ራሴ ያወቅሁት።

[ኸድር ተነስቶ ከድንጋዩ ወዲያ ይሄዳል። አንድ ባልዲ አንጠልጥሎ ይመጣል። ባልዲው ውስጥ አራት ዓሦች ይንደፋደፋሉ።]

ገብረተንሳኤ፦ እንዴ! የአምባዛው ልጆች!

ኸድር፦ ቆሮሶ ናቸው አያ ገብረ። አራቱም። አባትየውን ግን ለቅቄዋለሁ፤ እሱ እውነተኛ አምባዛ ነው፣ እናንተ አትበሉትም።

ገብረተንሳኤ፦ በምን አወቅህ?

ኸድር፦ እኔ የተወለድኩት እኮ ሐይቅ ዳር ነው። አባቴ በታንኳ ዓሣ እያወጣ ነው ስምንት ልጅ ያሳደገ። መራመድ ሳልችል ቅርፊት እፍቅ ነበር።

ገብረተንሳኤ፦ እስከ ዛሬ ምነው አልተናገርክ?

ኸድር፦ እጀምራለሁ፣ አንተ ደረጃውን ትነግረኛለህ።

ገብረተንሳኤ፦ [ባልዲው ላይ አጎንብሶ፣ በትንሽ ድምፅ] እና አባትህ… በጣም የሚወደው የቱን ነበር?

ኸድር፦ መንጠቆው ላይ ያለውን።

ገብረተንሳኤ፦ የሚጠላውስ?

ኸድር፦ ጎረቤት የያዘውን።

[ገብረተንሳኤ መጀመሪያ ባልዲውን፣ ቀጥሎ ዘንጉን ያያል። ነገሩ ቀስ እያለ ይገባዋል፤ ሲገባው ግን እንደ ልጅ ብድግ ይላል።]

ገብረተንሳኤ፦ ዘንጌ ተረፈች! ባዶ እጄን አይደለሁም! መጋረጃዋን በገመድ ትስቀለው! ኸድር፣ እነዚህን የያዝኳቸው እኔ ነኝ… እሺ፣ እኛ ነን! ሁለታችንም ይዘናል፤ ሁሪያም ትበላለች፣ ለተመድህንም ትበላለች! ና፣ ባጃጅ እንያዝ!

[ባልዲውን በሁለት ወገን ይዘው ወደ መንገዱ ይወጣሉ። ጥቂት እንደሄዱ ገብረተንሳኤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ውሃው ጫማው ላይ ይፈስሳል፤ ልብ አላለውም።]

ገብረተንሳኤ፦ ቆይ። ቆሮሶ መሆናቸውን እያወቅህ፣ ጣላቸው ስልህ «ተሳስተሃል» አትለኝም ነበር?

ኸድር፦ እትዬ ለተመድህን ከለከለችኝ።

ገብረተንሳኤ፦ ለተመድህን? ምን ብላ?

ኸድር፦ ጠዋት ስንወጣ በር ላይ ጠራችኝና «ኸድር ሓወይ፣ አደራህን እንዳትከራከረው። አይረባም ብሎ ያስጣለህን እየለቀምክ ባልዲው ውስጥ ክተትልኝ፤ ጥሩው እሱ ነው» አለችኝ።

ገብረተንሳኤ፦ እንዴት እንዲህ ትላለች! ስለ ዓሣ ምን አውቃ ነው?

ኸድር፦ እኔም እንዲሁ ብዬ ጠየቅኋት። «ስለ ዓሣ አላውቅም፤ እሱን ግን አውቀዋለሁ። እኔንም መጀመሪያ ያየኝ ዕለት ‹ይህቺስ አትረባም› ብሎ ጥሎኝ ሄዶ፣ እናቱ ናቸው ተመልሰው ያነሱኝ» አለች።