ክፍል የለሹ ጋሽ ጥናቱ

ሁሉ ነገር «ጥናት ይፈልጋል» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ሻይ ብትጋብዙት እንኳ ለምን እንደጋበዛችሁት ሳይመረምር አይጠጣም።

የእኛ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ክቡር ጋሽ ጥናቱ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። ኢኮኖሚክስ ሲያስተምሩ ከሽንኩርት ዋጋ ተነሥተው «ጎረቤቷ ባትገዛ ኖሮ እሷ ትገዛ ነበር?» እያሉ ቢያስቸግሩ፣ ኢኮኖሚስቶቹ «እሳቸውማ ሶሲዮሎጂስት ናቸው» ብለው ሸኟቸው። እዚያ ደግሞ ስለ ፍቅርና ጋብቻ ሲወራ «የቤት ኪራዩስ?» አሉ። «ኧረ እኚህስ ኢኮኖሚስት ናቸው!» ተባሉ። እንዲህ ሲመላለሱ ሸበቱ። በመጨረሻ ጠረጴዛቸውን ራሳቸው ጎትተው በሁለቱ የትምህርት ክፍሎች መካከል፣ ኮሪደሩ ላይ አቆሙት።

ፍዳዋን ያየችው ለሁለቱም ክፍሎች የምትሠራው ጸሐፊ ናት። ሰውዬው አይቀመጡ፣ አያስቀምጡ! ከወዲህ ወዲያ ሲሉ ይውሉና ያልጨረሱትን ሻይ ማተሚያዋ ላይ ትተውት ይሄዳሉ።

«እቱ፣ ሰው ሰልፍ ላይ ሲቆም ለምን የጎኑ ሰልፍ የሚፈጥን ይመስለዋል?»

«ጋሼ፣ ሥራ አለብኝ!»

«ለምን አለብሽ? እሱም ጥናት ይፈልጋል።»

ትስቃለች፤ በመሳቋ ደግሞ ትናደዳለች። «እኚህን ሰውዬ አንድዬ ይገላግለኝ!» ሳትል የዋለችበት ቀን የለም።

አዲስ ዲን መጣ። ኮሪደር ላይ ጠረጴዛ ማየት አይወድም።

«ፕሮፌሰር፣ እስከ ሰኞ አንዱን ክፍል ይምረጡ። አለዚያ በጡረታ እንሸኝዎታለን።»

«መምረጥማ ጥናት ይፈልጋል» አሉ። ድምፃቸው ግን ልክ አልነበረም። ጸሐፊዋ ሰምታ ሥራዋን አቋርጣ አየቻቸው።

ሁለቱም ክፍሎች «የእኛ አይደሉም» አሉ። ሰኞ ጠረጴዛው ተነሣ። ጋሽ ጥናቱ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ መሄጃ አጥተው ደረጃውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ጸሐፊዋ ወረቀት ታቅፋ ስታልፍ፣ ጠረጴዛው የነበረበት ቦታ ስትደርስ እንደ ልማዷ ወደ ጎን ዞረች። ባዶ ወለል! ቆም ብላ ብታይ ኢኮኖሚስቶቹም ሶሲዮሎጂስቶቹም ባዶውን እየዞሩ ያልፋሉ። ወይ ጣጣ!

ሳታንኳኳ ዲኑ ቢሮ ገባች። «ጋሼ ይመለሱ!»

«ክፍል የላቸውም እኮ።»

«እኔ ክፍል ይቀመጣሉ!»

«ያንቺማ ቢሮ ነው።»

«አራት ግድግዳና በር አለው፤ ሌላ ምን ክፍል ይፈልጋሉ?»

«በቃ፣ ውሰጃቸው» አለ ዲኑ።

ይኸው ጠረጴዛቸው ከእሷ ጠረጴዛ ጎን ነው። እሳቸው ግን ዛሬም አይቀመጡም።

«እቱ፣ እንዲህ እያስቸገርኩሽ ለምን አስመለስሽኝ?»

የሻይ ብርጭቆውን ከማተሚያዋ ላይ አንሥታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«እሱ እንኳ ጥናት ይፈልጋል፣ ጋሼ።»