የጾም ውሃና ስድስቱ ዓሦች

ወይዘሮ ለተብርሃን በድላኛለች። ይህን በመጀመሪያው መስመር ላይ ያስቀመጥኩት፣ እናንተም እንደ ጎረቤቶቼ ወሬው መሐል ደርሳችሁ «ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው?» እያላችሁ እንዳታደክሙኝ ብዬ ነው። እንዲያውም ደክሞኛል። በእኔ ዕድሜ ሰውን የሚያደክመው ሥራ አይደለም፤ ዓይን የሚያየውን ነገር ደጋግሞ ማስረዳት ነው።

በደሏም ይህ ነው፦ በማርያም ማኅበር ተራዬን ዘለለችው። ልጅ የወለደ ሰው ይህን ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል። እኔ ግን ባሌን የቀበርኩ፣ ልጅ ያልወለድኩ ሴት ነኝ፤ ደጄ ሁለት ቀን ሳይከፈት ቢውል መጥቶ የሚያንኳኳው ማኅበሩ ነው፤ ስሞትም ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚያለቅስልኝ እሱው ነው። ዛሬ ተራው የተዘለለ ሰው ነገ ጽዋው ይዘለላል፤ ከነገ ወዲያ ስሙ። ይህ ሁሉ በምን የመጣብኝ ይመስላችኋል? በዓሣ። ያውም የትንሽ ጣት ጥፍር በምታህል ዓሣ።

ሓዝሓዝ በሚባለው ሰፈራችን አምስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ እንኖራለን። ግቢውን ያሠራው ጣልያን ከጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ የሚያጠራቅም የሲሚንቶ ገንዳ ትቶልን ሄዷል፤ ቫስካ እንለዋለን። ክዳኑ ድሮ ተሰብሯል። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ፣ ማለትም ዘወትር፣ የምንጠጣውም ስዋ የምንለውን ጠላ የምንጠምቀውም ከዚያ ነው። ልብስ እሰፋላት የነበረችው ሚስቱ ወደ አገሯ ስትመለስ ገንዳው ውስጥ የሚርመሰመሱትን ዓሦች አሳየችኝና «አደራ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ጣልያን ብዙ ነገር ሳይነግረን ነው የሄደው።

ምክንያቱን የነገረኝ ስኳር ነው። ባለሱቃችን ስኳር የሚጠቀልለው በአሮጌ የተማሪ መጽሐፍ ገጽ ነው፤ እኔም አማርኛ ማንበብ የተማርኩት ከስኳር፣ ከጨውና ከሻሂ መጠቅለያ ነው። ስለዚህ ዕውቀቴ ቀዳዳ ይበዛዋል፤ አንድ ጦርነት እንዴት እንደተጀመረ አውቃለሁ፣ ማን እንዳሸነፈ ግን የሌላ ሰው በርበሬ ተጠቅልሎበት ሄዷል። አንድ ቀን ታዲያ ሩብ ኪሎ ስኳር ሙሉ ገጽ ይዞልኝ መጣ። ሕይወት ያለው ሁሉ ተያይዞ ነው የሚኖረው ይላል። አረንጓዴው ከፀሐይ ምግቡን ይሠራል፤ ታናሹ አረንጓዴውን ይበላል፤ ታላቁ ታናሹን ይበላል፤ የታላቁም ኩስና ሬሳ በስብሶ ለአረንጓዴው ቀለብ ይሆናል። ከመካከል አንዱ ቢነሣ ሌላው ወይ ይራባል፣ ወይ ልክ ያጣል። ስኳሩን እንኳ ሳልገለብጥ ወጥቼ ወደ ቫስካው አጎነበስኩ። ግድግዳው ላይ እንደ ሽበት የበቀለ አረንጓዴ የውሃ ሣር፤ እሱን የሚግጥ፣ እየተወራጨ የሚሄድ የቢምቢ እጭ፤ ከእጩ ኋላ አፏን የከፈተች ዓሣ። ያ ገጽ ለካ እግራችን ሥር ተዘርግቶ ኖሯል፤ እኛ ዕድሜ ልካችንን በባልዲ ስንቀዳበት።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ የማኅበራችን አለቃና የግቢያችን ጎረቤት ለተብርሃን ባልዲዋን ቫስካው አጠገብ አስቀመጠችና ሴቶቹን ሰበሰበች። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ።

«ደም ያለው ነገር የሚዋኝበት ውሃ እንዴት ነው የጾም የሚሆነው?» አለች።

ሠላሳ ዓመት የጠጣነው ውሃ ነው። ነገር ግን በእኛ ሰፈር ጾሟ ከጎረቤቷ ጾም አንሶ እንዲታይባት የምትፈልግ ሴት የለችም፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከቢምቢ የሚጠብቁን እኮ ዓሦቹ ናቸው» ብዬ የስኳር ወረቀቴን አወጣሁ።

«ዓሣ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረው በየት አገር ነው?» አለች ለተብርሃን። «ኣብረሀት ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ቄሱ ያላሉትን ስኳር ነገረኝ ልትይን ነው?»

ሳቁ። እውነቱን ለመናገር እኔንም ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ዓሦቹ በወንፊት እየተጠለፉ ዛፉ ሥር ተደፉ፤ ለግቢው ድመቶች ፋሲካ ቀድሞ ገባላቸው። እኔ በጣሳ ስድስቱን አትርፌ ቤቴ ወሰድኳቸው፤ የአሮጌ ብረት ገበያው መደበር ያሉ ቀጥቃጮች ከአሮጌ የዘይት በርሜል በሠሩልኝ ገንዳ ውስጥ አኖርኳቸው። መደበርን ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ሞቶ የሚቀር ቆርቆሮ የለም፣ በርሜሉ ሞቶ ምድጃ ሆኖ ይነሣል። ከተማችን የምትበሰብሰውም የምትበቅለውም እዚያ ነው። በሌላው ሰፈር ግን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ስንቱ ነገር ከቦታው ተነሣ፣ ስንቱ ሰሌዳ ወርዶ ሌላ ተሰቀለ፤ የሚያነሣው ሰው «ይህ ነገር እዚህ ምን ይሠራ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። እኔ የምጽፈው ስለ ዓሣ ነው። ስለ ዓሣ ብቻ።

በሳምንቱ ለተብርሃን ቤቴ ገብታ ዓሦቹን አየች። የመጋቢት ተራ የእኔ ነበር። «ዓሣ የዋኘበትን ስዋ ማን ይጠጣል?» ብላ ለሌላ ሰጠችው። ማንም «ኣይፋል»፣ አይሆንም፣ አላለም። በዚያ የማርያም ቀን ከግድግዳው ወዲያ ሲመርቁና ሲስቁ እየሰማሁ ለስድስት ዓሦች ዳቦ ስፈረፍር ዋልኩ።

ከዚያ ቢምቢ መጣ፤ እኛ ጣንጡ የምንለው። ቫስካው እጭ ብቻ ሆነ። እንዳንደፋው ዝናብ የሚዘንበው ክረምት ነው፤ ደፍተን ምን ልንጠጣ? መስኮት ዘጋን፣ ኩበት አጨስን፣ ተሳልን። በሰላም የከረመችው በቤቴ ማዕዘን ድሯን የዘረጋችው ሸረሪት ብቻ ናት፤ እንደ ባለሥልጣን ወፈረች። ለተብርሃን ቤት ደግሞ የሰባት ሳምንት የልጅ ልጅ ነበረች። የሕፃኗ አንድ ዓይን አብጦ አልገለጥ ሲል፣ ልቅሶዋ ለአምስታችንም ቤት ተዳረሰ።

በሆሳዕና ዋዜማ ለተብርሃን ባልዲ ይዛ ደጄ ቆመች። ጉንጯን በነጠላ ሸፍናለች።

«ሞቱ?» አለችኝ።

«እነማን?» አልኳት። እያወቅኩ ነው፤ ይህቺን ታህል ደስታ አትንፈጉኝ።

«እነዚያ።»

ገንዳውን ገለጥኩላት። ስድስቱን መቁጠር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ዓሣ እንቁላል ይጥላል ሲባል ነው የሰማሁት፤ የእኔዎቹ ግን እየዋኘ የሚወጣ ልጅ ወልደዋል። ይኼኛው ገጽ የማንን በርበሬ እንደጠቀለለ እንጃ።

ወደ ገንዳው አጎንብሳ ግልገሎቹን በዓይኗ ተከተለች። «የሚያዝያ ማርያም ተራው ያንቺ ነው» አለች በመጨረሻ። «ስዋሽን ጥመቂ።»

«በየትኛው ውሃ?»

«በቫስካው ነዋ።» መሬት መሬት እያየች።

ሰባት ሳምንት ሙሉ ለዚህች ቀን ንግግር ሳዘጋጅ ከርሜ ነበር፤ ተረትም፣ ጥቅስም፣ ስድብም ነበረበት። ነጠላው ሸርተት ሲል ጉንጯ በቢምቢ ተነክሶ የተጠቀጠቀ ኩንታል መስሎ ታየኝና ንግግሩ ደከመብኝ። ዓሦቹን በጣሳ እየጨለፍኩ ባልዲዋ ውስጥ አወረድኳቸው፤ ከዚያ ባልዲውን አቀበልኳትና እንዲህ አልኳት፦

«ለተብርሃን ሓፍተይ፣ የጾምነው እኛ ነን እንጂ ቢምቢዋ አልጾመችም።»