መድኃኒቱን የደበቀ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ጥሩ ብሏል። መድኃኒቱን ስለ ደበቀ ሰው ግን አንዲት ቃል አልተወልንም። እኛ ሐበሾች ደግሞ በሽታ ብቻ ደብቀን መች እንቆማለን? ስኳር ያለበት ሰው ሻይ ሲቀርብለት «ጣፋጭ ብዙም አልወድ» ይላል እንጂ «ስኳር አለብኝ» ይላል? ቀዶ ጥገና አድርጎ የተነሳውም «ወገቤን ትንሽ ያዝ አድርጎኝ ነበር» ነው የሚለው። ኪኒኑንም የሚውጠው መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ቧንቧ ከፍቶ ነው፤ ድምፅ እንዳይሰማ! ለመሆኑ ኪኒን ምን ድምፅ አለው?

የኮሮና ክትባት መጣ የተባለ ጊዜ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ያለው ሐበሻ ሁለት ቦታ ተከፈለ፤ አልወስድም የሚልና ዝም የሚል። እወስዳለሁ የሚል ሰው በጆሮዬ አልሰማሁም። የአልወስድም ባዮቹ አለቃ ጋሼ ሰይድ ነበሩ። ጋሼ ሰይድ ኤርፖርት ሰው የሚያመላልሱ ባለታክሲ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሠርግም ለቅሶም ያለ እሳቸው የማይሆን። «እህህ» ብለው ጉሮሯቸውን ከጠረጉ ቤቱ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን እንዲሁ ጠርገው፣ የተወጋ ክንድ ላይ ማንኪያ እንደ ማግኔት እንደሚለጠፍ ለጉባኤው አስረዱ። ማንኪያውን በዓይናቸው አይተውት እንደሆነ የጠየቀ የለም። ማን ደፍሮ?

የእኔ ጭንቀት አማቴ እትዬ ዘይነባ ነበሩ። የሚኖሩት ፎረስት ፓርክ፣ እኛው ቤት ነው፤ ስኳርም አስምም አለባቸው። «ጋሼ ሰይድ ሳይሉኝ ክንዴን ለማንም አልሰጥም» ብለው ደመደሙ። እኔ ልወጋ ነው ብዬ ጫፏን ባነሳት «ልጆቹን ያለ አባት ልታስቀራቸው ነው?» ብለው ተቆጡ። ባለቤቴም «እስኪ እንየው» ብላ ወደ ኪችን ገባች።

እኔ የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ግሮቭ ሲቲ፣ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ነው። አጠገቤ ካርቶን የሚያሽገው ሰውዬ ሲያስል ዋለና በማግስቱ ቦታው ባዶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቤት ስመለስ ጋራዥ ውስጥ ልብሴን እየቀየርኩ፣ አማቴን ከሩቅ ሰላም እያልኩ፣ እራቴን ብቻዬን ምድር ቤት፣ ቤዝመንት ወርጄ መብላት ጀመርኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ቢታመሙ በሽታውን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በምስጢር ልወጋ ቆረጥኩ። ክትባቱን የሚሰጠው የሰፈራችን ፋርማሲ አይሞከርም፤ ካውንተር ላይ የምትቆመው ልጅ ሐበሻ ናት፤ ፕላስተሩ ሳይለጠፍልኝ ወሬው ማዶ ሰፈር፣ ክሊንተንቪል ይደርሳል። «ኦቨርታይም አለኝ» ብዬ እዚያው ግሮቭ ሲቲ ካለ ፋርማሲ አፖይንትመንት ያዝኩ። በዚያ በኩል ሐበሻ ምን ሊሠራ ይመጣል? ማስኬን እስከ ዓይኔ ስቤ፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ገባሁ። ባንክ ልዘርፍ የመጣሁ ነበር የምመስለው። ወጉኝና፣ ሰውነትህ ቢቆጣ እንድናይህ ጥቂት ተቀምጠህ ሂድ ብለው ወንበር አሳዩኝ።

ከአጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬም ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው፣ ኮፍያቸውን አውርደዋል። ወንበራቸው ላይ ተመቻቹና «እህህ» አሉ።

ያቺን «እህህ» የምስታት መሰላችሁ? «ጋሼ!» አልኩ። ምንም ሳይደነግጡ «ተሳፋሪ አምጥቼ ነው» አሉኝ። እጅጌያቸው እስከ ትከሻቸው ተሰብስቧል፣ ክንዳቸው ላይ ክብ ፕላስተር አለ። ማንኪያ አልነበረም።

ጠጋ ብለው «ስማ፣ እኔ አላየሁህም፤ አንተም አላየኸኝም» አሉ። ይሁን አልኩ፤ ግን በነጻ አይደለም። አሁኑኑ አማቴን ኮል አድርገው እንዲመክሩልኝ ለመንኳቸው። «ያን ሁሉ ተናግሬ? በየትኛው አፌ?» አሉ። ስለ ካርቶን አሻጊው ሰውዬ ነገርኳቸው፣ ስለ ቤዝመንቱም እራት ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ ልጆቼን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አልኳቸው። ጋሼ ሰይድ ቀስ ብለው «እኔስ ለማን ብዬ የመጣሁ ይመስልሃል? ባለቤቴ ኩላሊቷን ታማለች» አሉና ስልካቸውን አወጡ።

ጆሯቸው ደከም ስላለ ስፒከር ላይ አደረጉት። የወሎ ሰላምታ ነውና ጤናው፣ ልጆቹ፣ ዘመድ አዝማዱ ተራ በተራ ተጠየቀ፤ እኔ ወንበሩ ላይ ልፈነዳ ደረስኩ። በመጨረሻ «እህህ» ብለው፣ «ነገሩን ሳስበው ሳስበው ሰበቡን አድርሶ የቀረውን ለአላህ መተው ሳይሻል አይቀርም፤ ዘይነባ፣ ይህን ክትባት ብትወስጂው ምን ይመስልሻል?» አሏቸው።

አማቴ ከት ብለው ሳቁ። ለካስ እሳቸው ሁለተኛውንም ዙር ተወግተው ከጨረሱ ሰንብተዋል! ይዛቸው የሄደችውም ያቺው «እስኪ እንየው» ያለችው ባለቤቴ ናት፤ እሷም አብራ ተወግታለች። ያልነገሯቸው ጋሼ እንዳይቀየሙ ብለው ነው። የት ተወጋችሁ ቢባሉ «ሩቅ ነው፣ ግሮቭ ሲቲ፤ ሐበሻ የማይደርስበት» አሉ።

እና እኔ ለዚህ ነው ቤዝመንት ውስጥ ብቻዬን ስበላ የከረምኩት? ልናደድ ፈለግሁ፤ ደስታው ግን ቀደመኝ። አልሐምዱሊላህ! ትከሻዬ ላይ የከረመው ሸክም ያን ጊዜ ነው የወረደው።

አማቴ ግን አልጨረሱም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ብቻ አደራ፣ ለልጄ ባል እንዳይነግሩብኝ» አሉ። «ደግ ልጅ ነው፤ አፉ ግን ወንፊት ነው።»

ጋሼ ሰይድ ዓይን ዓይኔን እያዩ «አብሽሪ፣ እሱ በምን ይሰማል?» አሏቸው።

እኔም አደራ በላ አይደለሁም። እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላልኩም፤ ከእናንተ በቀር።