የሒሳብ መምህሩ መሠረት

አንዳንድ ሥራ ቀላል የሚመስለን ሌላ ሰው ሲሠራው ቆመን ስላየን ነው። እኔ እዚህ ሞላሌ ስንቱን ግንበኛ እጄን ኪሴ ከትቼ አይቻለሁ መሰላችሁ! አይቼ አይቼ የቀረኝ ዶማ መያዝ ብቻ ነው ብዬ አመንኩ። በዚያ ላይ የሒሳብ መምህር ነኝ። የቤት መሠረት ማለት መሬት ላይ የተሣለ አራት ማዕዘን አይደል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ዘመሮ ከተማ አጠገብ ካለው ቤታቸው ብቻቸውን ቀርተው ነበር። ድምፃቸው እየቀነሰ፣ እርሻውንም እየተዉት መጡ። «ከእኛ ጋር ይኑሩ» ስላቸው «የት ልታስተኛኝ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ቤታችን ለእኛም ጠባብ ነው። ስለዚህ ከጓሮ በኩል አንድ ክፍል ልቀጥል ተነሣሁ። ባለቤቴ ጥሩነሽ «ግንበኛ ጥራ» አለችኝ። እምቢ አልኩ። የአባቴን ክፍል መሠረት በገዛ እጄ ማውጣት ፈልጌ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ጉራም ነበረበት፤ ይህም እውነት ነው።

በመጀመሪያው ቀን እስከ ቁርጭምጭሚቴ ቆፈርኩ። በሁለተኛው ቀን ድንጋይ አገኘሁ። የመንዝን ድንጋይ ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ዲጂኖ ሲያርፍበት ድንጋዩ ዝም ይላል፣ የሚጮኸው የቆፋሪው ወገብ ነው። እንደ ምንም እስከ ጉልበቴ ስደርስ «መጥተው ክፍልዎን ይዩ» ብዬ ለአባቴ ደወልኩ።

መጡ። ሰላምታው ሳያልቅ ጉድጓዱ ዳር ቆመው አዩ፣ አዩና፦

«ልጄ፣ ጣሪያው በምንድን ነው?»

«በቆርቆሮ ነዋ፣ አባባ።»

«ጠማማ ቆርቆሮ ይሸጣል?»

ዕቃቸውን ያሰሩበትን ገመድ ፈቱና አንዱን ጫፍ ለጥሩነሽ አስይዘው ከጥግ እስከ ጥግ ለኩ። ሌላውንም እንዲሁ ለኩ። እኩል መሆን የነበረባቸው ሁለቱ ሰያፎች አንድ ክንድ ተበላለጡ። ይህንኑ በየዓመቱ ጠመኔ ይዤ የማስተምረው እኔ ነኝ። ጥሩነሽ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ።

«አሁን አስተካክለዋለሁ!» ብዬ ዶማውን በንዴት ሳነሣ ወገቤ ቀጭ አለ። ተሸክመው አስገቡኝ።

ከዚያ በኋላ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በመስኮት የምሰማው የአባቴን ዶማ ሆነ። እንዲያርፉ የጠራኋቸው ሰው! «አባባ፣ ይተዉት፣ ግንበኛ ይመጣል» ብዬ ስጮህ «አንተ ተኛ!» ይሉኛል። ይባስ ብለው ምሳዬን የሚያበሉኝም እሳቸው ነበሩ። አፈርኩ። ምሳውን ግን አላስተረፍኩም።

መሠረቱ በተሞላበት ዕለት በዱላ ተደግፌ ወጣሁ። ጎረቤቶች አሸዋና ሲሚንቶውን አቡክተው በባሬላ ሲያመላልሱ፣ አባቴ መሐል ቆመው «ከዚህ! ጠቅጥቀው እንጂ!» እያሉ ያዝዛሉ። ከእናቴ ሞት ወዲህ ድምፃቸው እንዲያ ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር ሲሚንቶው ነው አልኩ።

ክፍሉ አልቆ በሩን ከፈትኩላቸው። ገብተው ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ጥሩ ቤት ነው። ለእንግዳ ይሁናችሁ» አሉኝ።

«እርስዎስ?»

«እኔማ ያረጀሁ መስሎኝ ነበር። ሄጄ የበጎቹን ጋጣ አፍርሼ እሠራዋለሁ።»

በማግሥቱ መኪና ድረስ ሸኘኋቸው። ሊሳፈሩ ሲሉ ዞር ብለው አዩኝና፣

«ወገብህ ሲሻልህ መጥተህ አግዘኝ» አሉ። «ቁፋሮውን ግን አትንካ።»