የመምህር ገዝሙ ሽሪምፖች

መምህር ገዝሙ አርባ ምንጭ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው አንድ የመስታወት ገንዳና ሽሪምፕ የሚባሉ፣ ከጥፍር የማይበልጡ ስምንት ቅርፊታም የውሃ እንስሳት ሸለሟቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። "ይራቡልኛል፤ ቤቱም ይሞቃል" ብለው ገንዳውን መስኮቱ አጠገብ አኖሩት።

ሁለቱ ወዲያው ሞቱ። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው መድኃኒት አልተስማማቸውም። ይህን የሰሙት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ከጣሪያቸው ካጠራቀሙት የዝናብ ውሃ አንድ ጆግ ይዘው መጡ። ባላቸውን ከቀበሩ ሦስት ዓመት ቢያልፍም ጥቁር ልብሳቸውን አላወለቁም። ለገንዳው በሳምንት አንድ ጆግ ይበቃው ነበር፤ እሳቸው በየማለዳው ማምጣት ያዙ። መምህርም "በዛ" አላሉም።

ስድስቱ ዳኑ፤ መራባት ግን የለም። መምህር ሙቀት ለኩ፣ ጎመን ቀቅለው አቀረቡ፤ ምንም! በአምስተኛው ወር ወይዘሮ ዘርፈሽዋል መነጽራቸውን አድርገው ገንዳውን አጤኑት።

"መምህር፣ ሴቷ ቀይ ናት አሉ፤ ሆደ ሰፊም ናት። እነዚህ ሁሉ ወንዶች ናቸው። በዚህ ቤት ሴት የለም።"

"በየትኛው ቤት?"

"በመስታወቱ ነዋ!" አሉ ወይዘሮዋ፤ ዓይናቸው ግን መስታወቱ ላይ አልነበረም።

የባዮሎጂ መምህሩ አፈሩ። ከሐዋሳ ሦስት ቀያይ ሴቶች አስመጡ። በሳምንቱ ጠዋት ገንዳው ሥር ባዶ ቅርፊት ወድቆ አዩና "ሞተችብኝ!" ብለው ጮኹ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ሮጠው ገቡ።

"ምን ሞተች? የጠበባትን ልብስ አውልቃ ነው እንጂ። ሴት ልብሷን ስትቀይር ወንድ ማየት አለበት።"

ወንዶቹ ሽሪምፖች እውነትም አይተው ኖሮ ገንዳውን በሩጫ አመሱት። መምህር ግን ቅርፊቱን በማጉያ መነጽር ሲመረምሩ፣ ጎረቤታቸው በብርቱካናማ ቀሚስ መምጣታቸውን ልብ አላሉም። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ጆጋቸውን አንስተው ወጡ። በማግሥቱ አልመጡም። በሳልስቱም አልመጡም።

መምህር ማለዳ ማለዳ በሩን እየከፈቱ አጥሩን ያዩ ጀመር። በአራተኛው ቀን አንዷ ሽሪምፕ ሆዷ ሥር እንቁላል ይዛ ሲያዩ ግን አላስቻላቸውም፤ አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው፣ "ወይዘሮ ዘርፈሽዋል! አረገዝን!" ብለው ተጣሩ።

መንገደኛው ሁሉ ቆመ። ወይዘሮዋ ጆጋቸውን እንደያዙ እየበረሩ መጥተው እየገፉ አስገቧቸው።

"ሰው ምን ይላል!"

"ቀሚስዎ... ያምራል" አሉ መምህር።

"አራት ቀኑ ነው" አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። ጎንበስ ብለውም ገንዳውን አዩ። "እንግዲህ ሊበዙ ነው፤ ቤትዎም ሊሞቅ ነው። ከአሁን በኋላ እኔ ለማን ውሃ አመላልሳለሁ?"

መምህር ጆጉን ተቀበሉና አንድ ብርጭቆ ቀዱ። ግማሹን ጠጥተው ብርጭቆውን ዘረጉላቸው። "አንቺ" ብለዋቸው አያውቁም ነበር።

"አጣጪኝ" አሉ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል የቀረውን ጨለጡት።

"ስድስት ወር ስቀዳልህ ከርሜ፣ ዛሬ ገና ጠማህ?"