መጅ በሻንጣ

ልጄ መክሊት አንድ ቀን የተዘረጉትን ሻንጣዎች ስታይ ቆየችና፣ “እማ፣ እኔ የትኛው ሻንጣ ኪሎ ውስጥ ነኝ?” ብላ ጠየቀችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቤታችን ከኪሎ ሌላ ወሬ ስላልነበረ ሰውም አብሮ የሚመዘን መስሏት ነው። አንቺ አትመዘኚም፣ የራስሽ ወንበር ነው የሚሰጥሽ አልኳት። ደስ ብሏት ወደ ጨዋታዋ ሄደች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀናሁባት።

ቤት ማለት እየኖሩበት የማይታይ ነገር ነው። የእኔዋ የመርሳ ቤት ሁለት ክፍል ናት፤ እንግዳ ሲበዛ ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ነው የምንቀመጠው። ይህችኑ ጠባብ ቤት ሁለት ሻንጣ ውስጥ ላስገባት ብነሳ ቤተ መንግሥት ሆና ቁጭ አለች። አራት ማማሰያ እንዳለኝ በምን ላውቅ? ለሁለት ሰው አራት ማማሰያ ምን ይሠራል? ደግሞስ ከአራቱ የትኛዋ ናት ካናዳ ለመሄድ የታደለችው?

የመክሊት አባት ወልድያ የመኪና መካኒክ ነበር፤ ካናዳ ከገባ አራት ዓመት ሆነው። ጉዳያችን አለቀ ብሎ የደወለ ቀን ምንም እንዳላመጣ፣ እዚያ የሌለ ነገር እንደሌለ ነገረኝ። አመንኩት። በሦስተኛው ቀን ደወለና በርበሬ ብቻ አለ። ቀጥሎ ሽሮ ብቻ። ቀጥሎ በሶ ብቻ፣ ቅቤ ብቻ፣ ጥቁር አዝሙድ ብቻ። ሁሉም ብቻ ብቻውን ነው የመጣው፤ ሲገናኙ ግን አንዱን ሻንጣ ሞልተው አረፉ። ለእያንዳንዳችን የተፈቀደው ደግሞ አንድ ሻንጣ፣ እሱም ሃያ ሦስት ኪሎ ነው።

ጎረቤቶቼም ሊሰናበቱኝ ሲመጡ ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም፤ ከኋላዬ ያለው ቡፌ ላይ ነበር። አልተቀየምኳቸውም። ማዘኑንስ ለእኔ ያዝናሉ፤ ግን እኔ ሄጄ ቡፌው እንደሚቀር ያውቃሉ።

እንደ ምንም ብዬ መረጥኩ። የእመቤታችንን ሥዕል ከነመስታወቷ ልይዝ አስቤ ነበር፤ መስታወቱ ይሰበራል ብዬ ሥዕሏን ብቻ ከልብሴ መሀል አስገባሁ። ወንፊቴንም ያዝኩ። ወንፊት አየር ነው፤ ማን ይመዝነዋል? ይኸው ተገላገልኩ ብዬ ወገቤን ሳቀና አማቴ መጡ።

አማቴ እማማ ሙሉ የሚኖሩት ከወልድያ በላይ፣ ጉባ ላፍቶ ደጋው ላይ ነው። ከሄድን በኋላ ቤቱን ጠርገው የሚያስረክቡልን እሳቸው ስለሆኑ ቀደም ብለው መጥተው እኛው ጋ ሰነበቱ። ከሚኒባሱ ሲወርዱ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈው ነበር። ልቀበላቸው ብዬ ስይዘው ከክብደቱ የተነሳ እጄ ወደ መሬት ወረደ። መጅ ነው። አዎ፣ ወፍጮ ላይ እህል የሚፈጭበት ድንጋይ። ረዳቱ ምንድን ነው ቢላቸው ካናዳ የሚሄድ ዕቃ ነው ብለውት፣ ተሳፋሪው እስከ ሲሪንቃ ድረስ ሲስቅባቸው እንደመጣ ነገሩኝ። ሰው ምን እንዳሳቀው ግን አልገባቸውም።

“የታችኛውን ወፍጮ እዚያው ፈልጉ፤ ድንጋይ የሌለው አገር የለም” አሉኝ። “መጁ ግን እጅ ይፈልጋል። ይሄ ሠላሳ ዓመት በእጄ የለሰለሰ ነው። ልጄ እንደሁ በማሽን የተፈጨ ሚጥሚጣ አይሆንለትም።”

“እሺ እማማ” አልኩ።

ይህች እሺ ናት ጉድ ያፈላችብኝ። ድንጋዩን ልውሰደው? አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣዬን ከፍተው ቢያዩት ምን ልላቸው ነው? ልተወው? እማማ ሙሉ በየሳምንቱ ደውለው ፈጨሽበት ወይ ማለታቸው አይቀርም፤ እኔም በየሳምንቱ አዎ ልል ነው። ለአንዲት አሮጊት በየሳምንቱ እየዋሹ መኖር ይቻላል? አንድ ጊዜ ቢሆን ንስሐ እገባበታለሁ። በየሳምንቱ ሲሆን ግን የንስሐ አባቴም ይሰለቹኛል።

ለመክሊት አባት ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ እባክሽ ሰው እንዳይሰማ አለኝ። እስቲ አንተው ደውለህ አይሆንም በላቸው ስለው ኔትወርኩ ተቋረጠ። የካናዳ ኔትወርክ ሰው ሲጨንቀው እንደሚቋረጥ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ሦስቴ ከተትኩት፤ ሁለቴ አወጣሁት። በመጨረሻ ከመዋሸት ማፈር ይሻላል ብዬ በአሮጌ ሹራብ ጠቅልዬ ከሻንጣው ሥር አስቀመጥኩትና ጋሽ ይመር ዘንድ አስመዘንኩ። ጋሽ ይመር ገበያው ዳር ጤፍና ማሾ የሚገዙ ነጋዴ ናቸው፤ መርሳ ውስጥ በሚዛናቸው የሚታማ የለም። ሁለቱንም ሻንጣ አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ አውጥተው አዩና ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሦስት ብለው ጮክ ብለው ተናገሩ። ልክ ሃያ ሦስት፣ ከነድንጋዩ። የእመቤታችን ሥራ ነው ብዬ እያመሰገንኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይመር ሊሰናበቱን መጡ። ተቀምጠው እየተጫወቱ ዓይናቸው ሻንጣው ላይ አረፈ። ጨዋታቸውን አቆሙ። ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

“ልጄ፣ ጆንያ ቀንሼብሻለሁ” አሉኝ።

ለካ እህል ሲመዝኑ ሁልጊዜ ለጆንያው አንድ ኪሎ ይቀንሳሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀንሱ የኖሩትን፣ ከሻንጣዬም ላይ ሳያስቡት ቀንሰውልኛል። ሻንጣዎቹ ሃያ አራት፣ ሃያ አራት ናቸው። ምስኪን፣ አፈሩ፤ ልክ እንደሰረቁኝ ሰው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ሁለት ኪሎ መውጣት አለበት። ምን ይውጣ? እማማ ሙሉ በርበሬው ይበዛል አሉ። ጋሽ ይመር ሽሮው አሉ። ሻንጣውን ከፍቼ ሳገላብጥ ሹራቡ ተፈታና መጁ ብቅ አለ።

እማማ ሙሉ አጎንብሰው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

“አንቺ፣ እውነትም ከተትሽው እንዴ?”

እርስዎ አይደሉ የሰጡኝ አልኳቸው።

“እኔ እኮ አልጋ ሥር ትተይዋለሽ ብዬ ነው” አሉ። “እኔ ስዳር እናቴ መጇን ሰጥታኝ ነበር። ወንዙ ጋ ስንደርስ ከበቅሎ ወርጄ ቁጥቋጦ ሥር ጣልኩት። እስክትሞት ድረስ መጁ እንዴት ነው ስትለኝ ደህና ነው እላት ነበር።”

ጋሽ ይመር ሐፍረታቸውን ረስተው እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ መክሊትም ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራን ሳቀች። ታዲያ ለምን እስከዚህ ተሸክመው መጡ ብዬ ጠየቅኳቸው።

“እናት አይደለሁ? መስጠቱ የእኔ ነው፤ መጣሉ ያንቺ” አሉኝ።

ከሳቁ በኋላ ግን ድንጋዩን ጭናቸው ላይ አድርገው በመዳፋቸው ሲዳብሱት ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ራሳቸው ተነስተው አልጋው ሥር ገፉት፤ ሁለት ኪሎ ያህል ነውና ትርፉ በእሱ ወጣ። ከአንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው ትንሽ በርበሬ አዛወርን፤ ኪሎው ሞላ፤ ሁሉም ደስ አለው። እኔም እፎይ ማለት ነበረብኝ። እፎይታው ግን እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ማልጄ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ተመለስኩ። እማማ ሙሉ በረንዳው ላይ ለመክሊት ጫማ ያደርጉላታል። ቀስ ብዬ ገባሁና መጁን ከአልጋው ሥር አወጣሁት፤ በቦታው ሁለት ኪሎ ሽሮ አስቀመጥኩ። ድንጋዩን በሹራቡ ጠቅልዬ ከተትኩና ሻንጣውን ዘጋሁ። አውቶቡሱ ጋ ስንሰነባበት አማቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ድንጋዩስ አሉኝ። አልጋው ሥር ነው አልኳቸው። አሁን ገና ልብ ገዛሽ ብለው ግንባሬን ስመው መረቁኝ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ ላለመዋሸት ስንት ቀን የተጨነቅኩት እኔ፣ በመጨረሻ የዋሸሁት ድንጋዩን ይዤ ነው።